አንድ አካል በምህዋር ላይ የሚቆየው እንዴት ነው? ኢነርሺያንና ስበትን በእጅ እየፈተኑና እያሰሉ የመረዳት ዝርዝር መመሪያ

ጨረቃ ያለማቋረጥ ወደ መሬት እየወደቀች ነው። ይህን አባባል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ ጨረቃ ተምዘግዝጋ ስትመጣ ያየ ሰው የለምና። ይሁን እንጂ የምህዋር ነገር ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው። ጨረቃም ሆነች ሰው ሠራሽ ሳተላይቶች ከላይ የሚኖሩት ከመውደቅ ስለዳኑ ሳይሆን፣ እየወደቁ ሳሉ ወደ ጎን የሚጓዙበት ፍጥነት ትልቅ ከመሆኑ የተነሳ የሚወድቁበት መሬት ከሥራቸው እየጎበጠ ስለሚሸሻቸው ነው።

ይህ መመሪያ ያንን ሐሳብ በቃል ብቻ ለማስረዳት አልተጻፈም። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል የተከተለ ሰው በመጨረሻ የአንድን ሳተላይት ፍጥነት ራሱ ማስላት፣ እንዲሁም አንድ ሙሉ ምህዋር በእርሳስና በማስመሪያ መሳል ይችላል። የሚያስፈልጉት እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ሁለት የኤ4 መጠን ያላቸው ወረቀቶች (ባለካሬ ቢሆኑ ይመረጣል)፣ ካልኩሌተር፣ አንድ ብይ፣ ጥቂት ካርቶንና ሁለት ተመሳሳይ ሳንቲሞች ናቸው። ከሒሳብ በኩል ማባዛት፣ ማካፈልና ስኩዌር ሩት ማውጣት ይበቃል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ሁለት የተሳሳቱ ሐሳቦችን ያስወግዱ

የመጀመሪያው ስህተት "ጠፈር ላይ ስበት የለም" የሚለው ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው ከመሬት ገጽ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የመሬት ስበት በገጿ ላይ ካለው 89 በመቶ ያህሉ ሳይጎድል ይገኛል። ስበት እዚያ ባይኖር ኖሮ ጣቢያው መሬትን ሊዞር ቀርቶ ለአንድ አፍታ እንኳ በአጠገቧ ሊቆይ አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው፤ በእኔ እምነት ሰዎች ምህዋርን እንዳይረዱ ከሚያደርጉ ነገሮች ሁሉ የከፋው ይኸው ነው። "ስበት ወደ ውስጥ ይስባል፣ ኢነርሺያ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ሳተላይቱ ባለበት ይቆያል" ይባላል። አባባሉ ቀላልና የሚጥም ስለሆነ በቀላሉ ይያዛል፤ ነገር ግን ራሱን በራሱ ያፈርሳል። በአንድ አካል ላይ የሚያርፉ ኃይሎች ሙሉ በሙሉ ተመጣጥነው ቢጣፉ ኖሮ ያ አካል በቀጥታ መስመር ይሄዳል እንጂ አይዞርም። መንገዱ የሚታጠፈው ያልተመጣጠነ ኃይል ስላለ ነው፤ ያም ኃይል አንድ ብቻ ነው፣ ስበት። ኢነርሺያ ኃይል አይደለም፤ ማንንም ወደ የትም አይገፋም። ምን እንደሆነ በሚቀጥለው ደረጃ በእጅዎ ይፈትኑታል።

ደረጃ 1፦ ኢነርሺያን በብይ መፈተን

ኢነርሺያ ማለት ማንኛውም አካል ያለበትን የእንቅስቃሴ ሁኔታ ይዞ የመቀጠል ጠባዩ ነው። የቆመ ነገር የሚያነቃንቀው ካላገኘ እንደቆመ ይቀራል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ የሚያግደው ወይም የሚያጥፈው ካላገኘ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በቀጥታ መስመር ይቀጥላል። የመጀመሪያው ግማሽ ለማንም ግልጽ ነው። ሁለተኛው ግን ከዕለት ተዕለት ልምዳችን ጋር የሚጋጭ ይመስላል፣ ምክንያቱም በምድር ላይ የምናንከባልለው ነገር ሁሉ ሲውል ሲያድር ሳይሆን ወዲያው ይቆማል። የሚያቆመው ግን ሰበቃና አየር ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጋሊሊዮ ጋሊሌ በተዳፋት ላይ ኳሶችን እያንከባለለ ይህን አስተዋለ፤ ሜዳው እየለሰለሰ በሄደ ቁጥር ኳሱ እየራቀ መሄዱን አይቶ፣ ሰበቃ ፈጽሞ ባይኖር ኖሮ ጨርሶ እንደማይቆም ደመደመ። እ.ኤ.አ. በ1977 የተወነጨፈችው ቮዬጀር 1 የምትባለው መንኮራኩር ዛሬም በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፀሐይ እየራቀች ትጓዛለች፤ ለዚህ ጉዞ የሚገፋት ሞተር የላትም፣ አያስፈልጋትምም።

አሁን ካርቶኑን ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ረጅም ቅዳጅ ይቁረጡ፤ ከዚያም አጥፈው የሳህን ስፋት ያለው ክብ አጥር ይሥሩበት፤ ነገር ግን የክቡን ሩብ ያህል ክፍት ይተዉ። አጥሩን ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ በአንድ እጅዎ ያዙትና ብዩን ከውስጥ በኩል ግድግዳውን ታክኮ እንዲሽከረከር አድርገው ይልቀቁት። ከመልቀቅዎ በፊት ግን ብዩ በክፍቱ በኩል ሲወጣ የሚሄድበትን መንገድ በወረቀት ላይ ይገምቱ። ብዙ ሰው ብዩ የነበረበትን ክብ ይዞ እየታጠፈ እንደሚቀጥል፣ ሌሎች ደግሞ ከመሐል ወደ ውጭ እንደሚፈናጠር ይገምታሉ። ሁለቱም አይሆንም። ብዩ ከአጥሩ በተላቀቀባት ቅጽበት ይጓዝበት በነበረው አቅጣጫ፣ ክቡን በዚያች ነጥብ ላይ በሚታከክ ቀጥታ መስመር ይወጣል።

ይህን ሙከራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙት፤ የቀሩት ደረጃዎች ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማሉ። ብዩ ክብ እየሠራ የዞረው ግድግዳው በየቅጽበቱ ወደ መሐል ስለገፋው ነው። ግድግዳው ሲያልቅ መታጠፉም አለቀ። በምህዋር ላይ የካርቶኑን ግድግዳ ቦታ የሚይዘው ስበት ነው።

ደረጃ 2፦ ስበት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ይጥላል?

በመሬት ገጽ አጠገብ፣ የአየር ግጭት ከሌለ፣ ከእጅ የተለቀቀ ማንኛውም ነገር በመጀመሪያው ሰከንድ 4.9 ሜትር ይወድቃል። በሁለት ሰከንድ 19.6 ሜትር፣ በሦስት ሰከንድ ደግሞ 44.1 ሜትር ይደርሳል። ከእነዚህ ቁጥሮች 4.9ን ብቻ ይያዙ፤ ሥራችን ሁሉ በአንድ ሰከንድ ስለሚሆነው ነገር ነው።

ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ወደ ጎን የሚጓዝ ነገር ከዚህ ያነሰ ይወድቅ እንደሆነ ነው። ማስመሪያውን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ ወደ ውጭ እንዲወጣ አድርገው ያስቀምጡ። አንዱን ሳንቲም ወደ ውጭ በወጣው ጫፍ ላይ ያኑሩ፤ ሌላውን ከማስመሪያው ጎን፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ ማስመሪያውን በጣትዎ ወደ ጎን በፍጥነት ሲመቱት ጠርዙ ላይ ያለው ሳንቲም ወደ ፊት ይወረወራል፤ ማስመሪያው ላይ ያለው ግን ከሥሩ ስለሚሸሸው ቀጥ ብሎ ይወድቃል። ዓይንዎን ሳይሆን ጆሮዎን ይመኑ፤ ሁለቱ ወለሉን የሚነኩበት ድምፅ አንድ ላይ ይሰማል። ወደ ጎን መጓዝ መውደቅን አያዘገይም፣ አያፋጥንምም። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች እርስ በርስ ሳይነካኩ በአንድ አካል ላይ አብረው ይሄዳሉ።

የሚወድቀው ነገር ክብደትስ? እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት አየር በሌለባት በጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ እኩል ለቀቀ፤ ሁለቱም እኩል መሬት ነኩ። መጠነ ቁሱ (የያዘው ቁስ ብዛት) የበዛ ነገር በስበት በኃይል ይሳባል፤ ነገር ግን ኢነርሺያው በዚያው ልክ ስለሚበዛ ለማንቀሳቀስም በዚያው ልክ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ብልጫው ይጣፋል። ከዚህ የተነሳ በምህዋር ስሌት ውስጥ የሳተላይቱ ክብደት አይገባም። በአንድ ከፍታ ላይ አንድ መቶ ቶን የሚከብድ ጣቢያና ከእሱ የተላቀቀ ብሎን በአንድ ፍጥነት ይዞራሉ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ይቀራል። ስበት ከርቀት ጋር ይደክማል፤ የሚደክመውም በርቀቱ ካሬ ነው። ርቀቱ የሚለካው ከመሬት ገጽ ሳይሆን ከመሬት እምብርት መሆኑን ልብ ይበሉ። ከእምብርቱ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ስበቱ ሩብ፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን አንድ ዘጠነኛ ይሆናል። የመሬት ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 400 ኪሎ ሜትር መውጣት ርቀቱን ከ6,371 ወደ 6,771 ብቻ ያሳድገዋል፤ ቀደም ብሎ የተጠቀሰው 89 በመቶ የመጣው ከዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን አጋጥሞ የምህዋርን ፍጥነት ማግኘት

በአእምሮዎ ከመሬት ገጽ ጥቂት ከፍ ብለው፣ አየር እንደሌለ አድርገው፣ አንድ ድንጋይ በትክክል ወደ ጎን ይወርውሩ። ኢነርሺያው ድንጋዩን በቀጥታ መስመር ሊወስደው ይሻል፤ ስበት ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከዚያ መስመር በታች 4.9 ሜትር ያወርደዋል። መሬት ዝርግ ብትሆን ኖሮ ድንጋዩ በማናቸውም ፍጥነት ቢወረወር ይዋል ይደር እንጂ መውደቁ አይቀርም ነበር። መሬት ግን ሉል ናት፤ ከቀጥታው መስመር በታች እሷም እየጎበጠች ትወርዳለች። ስለዚህ ጥያቄው ድንጋዩ 4.9 ሜትር በሚወድቅበት ሰከንድ ውስጥ መሬትም 4.9 ሜትር የምትጎብጥበትን ርቀት ለመሸፈን ምን ያህል ፍጥነት ያስፈልገዋል የሚል ይሆናል።

የጉብጠቱ ስሌት ቀላል ነው፤ ከመሬት ስፋት አንጻር አጭር ለሆነ ርቀት የተጓዙትን ርቀት በራሱ አባዝተው ለመሬት ዲያሜትር፣ ማለትም ለ12,742,000 ሜትር ያካፍላሉ። በሰከንድ 30 ሜትር ለሚሄድ የእጅ ውርወራ 30 ሲባዛ በ30፣ ሲካፈል ለ12,742,000፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ጉብጠት ይሰጣል። መሬት ለእኛ ዝርግ የምትመስለው ለዚህ ነው። በሰከንድ 900 ሜትር ለሚበር ጥይት ጉብጠቱ 6.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ገና ከ4.9 ሜትር በጣም የራቀ ነው።

አሁን ስሌቱን ይገልብጡት። 4.9 ሜትርን በ12,742,000 ያባዙ፤ 62,435,800 ያገኛሉ። ስኩዌር ሩቱ 7,900 ሜትር ገደማ ነው። ድንጋዩ በሰከንድ 7.9 ኪሎ ሜትር ቢወረወር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 4.9 ሜትር ይወድቃል፤ መሬትም ከሥሩ 4.9 ሜትር ትሸሻለች፤ ስለዚህ ከገጿ ያለው ከፍታ በሰከንዱ መጀመሪያ የነበረው ይሆናል። በሚቀጥለው ሰከንድም ነገሩ ሁሉ እንደ አዲስ ይደገማል፤ "ወደ ታች" የሚባለው አቅጣጫ ብቻ ከመሬት እምብርት ጋር አብሮ ይዞራል። ይህ ነው ምህዋር።

አይዛክ ኒውተን ሐሳቡን ያስረዳው በጣም ከፍ ባለ ተራራ ጫፍ ላይ በተተከለ መድፍ ነው። ጥይቱ በዝግታ ሲተኮስ ከተራራው ግርጌ ይወድቃል፣ ሲፈጥን ይርቃል፣ ይበልጥ ሲፈጥን ደግሞ መሬትን ዞሮ ከመድፉ በስተኋላ ይመጣል። ከ7.9 ኪሎ ሜትር በላይ ቢተኮስ ክብ መሆኑ ይቀርና ምህዋሩ ሞላላ ይሆናል፤ በሰከንድ 11.2 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግን ስበት ፍጥነቱን ያዘገየዋል እንጂ መልሶ ሊያመጣው አይችልም፣ ጥይቱም እንደወጣ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ምህዋርን በእጅ መሳል

ከመመሪያው ሁሉ ጊዜ እንዲሰጡት የምመክርዎ ይህን ደረጃ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ በእጁ የሳለ ሰው ኢነርሺያና ስበት ተራ በተራ ሲሠሩ ስለሚያያቸው ዳግመኛ አያምታታቸውም። ዘዴው ጊዜን ወደ እኩል ቁርጥራጮች መክፈልና በእያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ነገር ብቻ ማድረግ ነው፤ በመጀመሪያ ኢነርሺያ የድርሻውን ይሄዳል፣ ከዚያ ስበት የድርሻውን ይስባል።

ወረቀቱ መሐል ላይ አንድ ነጥብ ያድርጉ፤ ይህ የሳቢው አካል እምብርት ነው፣ "መ" ብለው ይጥሩት። ከ"መ" በስተቀኝ 6 ሴንቲ ሜትር ይለኩ። ከዚያ ቦታ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች የመጀመሪያውን ነጥብ፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሁለተኛውን ነጥብ ያድርጉ። ሁለቱን በመስመር ሲያገናኟቸው ሳተላይቱ በአንድ የጊዜ ቁራጭ የተጓዘውን 3 ሴንቲ ሜትር ያገኛሉ።

አሁን የኢነርሺያ ተራ ነው። ማስመሪያውን በሁለቱ ነጥቦች ላይ አሳርፈው መስመሩን በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ርዝመት በቀጭኑ ያራዝሙት። ስበት ባይኖር ሳተላይቱ የሚደርሰው በዚህ የተራዘመ መስመር ጫፍ ላይ ነው።

ቀጥሎ የስበት ተራ ይመጣል። ከሁለተኛው ነጥብ እስከ "መ" ያለውን ርቀት ይለኩ፤ 6.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 54ን ለዚህ ርቀት ካሬ ያካፍሉ። እዚህ ላይ 6.2 ሲባዛ በ6.2 38.4 ስለሚሆን ውጤቱ 1.4 ሴንቲ ሜትር ነው። 54 የሚለውን ቁጥር የመረጥኩት ሥዕሉ ከወረቀቱ እንዳይወጣ ብዬ ነው፤ በተፈጥሮ ውስጥ ይህን ቦታ የሚይዘው የሳቢው አካል መጠነ ቁስ ነው። ከዚያም ከተራዘመው መስመር ጫፍ ተነስተው፣ ከሁለተኛው ነጥብ ወደ "መ" ከሚወስደው አቅጣጫ ጋር ትይዩ በሆነ መስመር 1.4 ሴንቲ ሜትር ይሂዱ። የደረሱበት ቦታ ሦስተኛው ነጥብ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው ነገር ስበቱ የሚለካውም ሆነ አቅጣጫው የሚወሰደው ሳተላይቱ ካለበት ከሁለተኛው ነጥብ እንጂ ከተራዘመው ጫፍ አለመሆኑ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከሳተ ምህዋሩ አይገጥምለትም።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነጥብ ያገናኙ፣ ያራዝሙ፣ ከሦስተኛው ነጥብ እስከ "መ" ይለኩ፣ ያካፍሉ፣ ይሳቡ፤ አራተኛውን ያገኛሉ። እንዲህ እያሉ ሲቀጥሉ ከ13 እስከ 14 በሚሆኑ እርምጃዎች ወደ ተነሱበት አካባቢ ይመለሳሉ። ነጥቦቹ ከ"መ" ያላቸው ርቀት ከ6.2 እስከ 6.5 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ስለሚቆይ ቅርጹ ከክብ ብዙ አይርቅም። በትክክል ካልገጠመልዎ አይጨነቁ። የእርሳሱ ውፍረትና የልኬት ግድፈት በየእርምጃው ይጠራቀማል፤ በተጨማሪም እውነተኛው ስበት እኛ እንዳደረግነው በየቁራጩ አንዴ ሳይሆን ሳያቋርጥ ይስባል። ቁርጥራጮቹ ባጠሩ መጠን ሥዕሉ ወደ እውነቱ ይቀርባል። የጠፈር ጉዞን የሚያሰሉ ኮምፒዩተሮችም በመሠረቱ ይህንኑ ሥራ እጅግ በደቀቁ ቁርጥራጮች ይሠራሉ።

በሥዕሉ ላይ አንድም ወደ ውጭ የሚገፋ ነገር እንዳልሳሉ ያስተውሉ። ያደረጉት ማራዘምና ወደ "መ" መሳብ ብቻ ነው፤ ሆኖም ሳተላይቱ ወደ "መ" አልገባም።

ሌላ ወረቀት ይውሰዱና የመጀመሪያውን ጉዞ ከ3 ሴንቲ ሜትር ወደ 3.3 ያሳድጉት፤ ማለትም ሁለቱን ነጥቦች ከ6 ሴንቲ ሜትሩ ቦታ 1.65 ወደ ታችና 1.65 ወደ ላይ ያድርጉ። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ይተዉት። ፍጥነቱ አሥር በመቶ ብቻ ቢጨምርም ምህዋሩ በግልጽ ሞላላ ይሆናል፤ ከ"መ" ተቃራኒ በኩል ያለው ሩቅ ጫፍ 9.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። እርምጃዎቹም እየራቁ ሲሄዱ ያጥራሉ፤ ቅርብ ሳሉ 3.3 ሴንቲ ሜትር የነበሩት በሩቁ ጫፍ 2.1 ገደማ ይሆናሉ፤ ከዚያ ሲመለሱ እንደገና ይረዝማሉ። ቅርቡን ርቀት 6 በ3.3፣ ሩቁን 9.6 በ2.1 ቢያባዙ ሁለቱም ወደ 20 ይጠጋሉ። ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1609 ያሳተመው ሕግ፣ ከፀሐይ ወደ ፕላኔቷ የተዘረጋ መስመር በእኩል ጊዜ እኩል ስፋት ይጠርጋል የሚለው፣ በእርሳስዎ ሥር ሳይጠሩት መጣ ማለት ነው። መሬት ራሷ እ.ኤ.አ. በጥር ወር መጀመሪያ ገደማ በ147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ለፀሐይ ስትቀርብ በሰከንድ 30.3 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፤ ከስድስት ወር በኋላ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስትርቅ ወደ 29.3 ትወርዳለች።

ደረጃ 5፦ ለማንኛውም ከፍታ ፍጥነትን ማስላት

በደረጃ 3 ያገኘነው 7.9 ለመሬት ገጽ ነው። ለሌላ ከፍታ እንደገና ከመጀመሪያው መነሳት አያስፈልግም። የምህዋሩን ሬዲየስ ለማግኘት ከፍታውን ከ6,371 ጋር ይደምሩ፤ 6,371ን ለዚህ ድምር ያካፍሉ፤ የውጤቱን ስኩዌር ሩት ያውጡ፤ በ7.9 ያባዙ። ለጠፈር ጣቢያው 6,371 ሲካፈል ለ6,771 0.941 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 0.97፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 7.66 ኪሎ ሜትር። የምህዋሩን ዙሪያ፣ 42,543 ኪሎ ሜትርን፣ ለዚህ ፍጥነት ቢያካፍሉ 92 ደቂቃ ተኩል ያህል ያገኛሉ፤ ጣቢያው መሬትን አንድ ጊዜ የሚዞርበት ጊዜ ይህ ነው።

በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ለሚገኙት የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ተመሳሳዩን ቢያሰሉ 3.07 ይመጣል። በዚህ ፍጥነት ምህዋሩን ለመዞር 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይፈጃል፤ መሬትም በራሷ ዛቢያ ላይ የምትዞረው በዚያው ጊዜ ስለሆነ ሳተላይቱ ከአንድ ቦታ በላይ የቆመ ይመስላል። የሳህን አንቴና አንድ ጊዜ ከተስተካከለ የማይንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። ቆሟል ማለት ግን አይደለም፤ በየሰከንዱ ሦስት ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይወድቃል።

ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን የጨረቃ ስሌት ነው፤ ኒውተንም ንድፈ ሐሳቡን የፈተነው በእሷ ነው። ጨረቃ ከመሬት እምብርት በመሬት ሬዲየስ 60 እጥፍ ያህል ትርቃለች። ስበት በርቀት ካሬ የሚደክም ከሆነ በዚያ ርቀት ላይ 3,600 ጊዜ መድከም አለበት፤ ስለዚህ ጨረቃ በሰከንድ መውደቅ ያለባት 4.9 ሜትር ሲካፈል ለ3,600፣ ማለትም 1.36 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን ስበትን ፈጽሞ ሳያነሱ፣ ከጉዞዋ ብቻ ተነስተው ያረጋግጡ። ምህዋሯ 384,400 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ አለው፤ በ27.3 ቀን ትዞረዋለች፤ ፍጥነቷ በሰከንድ 1,024 ሜትር ይሆናል። ይህን በራሱ አባዝተው ለምህዋሩ ዲያሜትር፣ ለ768,800,000 ሜትር ሲያካፍሉ ከቀጥታው መስመር በሰከንድ 1.36 ሚሊ ሜትር እንደምትታጠፍ ያገኛሉ። ከእጅ የወደቀ ድንጋይና የሰማይዋ ጨረቃ የሚታዘዙት ለአንድ ሕግ መሆኑ የታወቀው እንዲህ ባለ ስሌት ነው፤ ሕጉም እ.ኤ.አ. በ1687 በኒውተን ሥራ ለዓለም ቀረበ።

ደረጃ 6፦ ክብደት አልባነትን በትክክል መረዳት

እስካሁን የተባለውን የያዘ ሰው ጠፈርተኞች ለምን እንደሚንሳፈፉ ለመረዳት አይቸገርም። ጠፈርተኛውም፣ የጣቢያው ወለልም፣ በአጠገቡ ያለው እርሳስም በአንድ ሰከንድ ውስጥ እኩል 4.3 ሜትር ይወድቃሉ። ወለሉ ከእግሩ ጋር አብሮ ስለሚወድቅ አይገፋውም፤ ክብደት ብለን የምንሰማውም ይህንኑ የወለል ግፊት ነውና አይሰማውም።

ደረጃ 7፦ ፍጥነት ሲቀየር ምህዋር ምን ይሆናል?

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1965 ጄሚናይ 4 የተባለው የአሜሪካ መንኮራኩር አዛዥ ጄምስ ማክዲቪት መንኮራኩሩን ወደ ምህዋር ካደረሰው ሮኬት የተረፈውን ክፍል ሊጠጋ ሞከረ። ክፍሉ ከፊት ይታየው ስለነበር አፍንጫውን ወደ እሱ አዙሮ ሞተሩን አስነሳ። በመንገድ ላይ ያለን መኪና ለመድረስ የምናደርገውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን በገፋ ቁጥር ዒላማው እየራቀው ሄደ፤ ብዙ ነዳጅ ከፈጀ በኋላም ሙከራው ተተወ።

ምክንያቱ በሁለተኛው ሥዕልዎ ላይ አለ። በጉዞ አቅጣጫ ፍጥነት ሲጨመር ምህዋሩ በተቃራኒው በኩል ይሰፋል፤ ዙሪያው ይረዝማል፣ አማካይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አንዱን ዙር ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ ይበዛል። ፊት ያለውን ለመድረስ የፈለገ በጥቂቱ መዘግየት አለበት፤ ያኔ ወደ ታች ወርዶ በአጭሩና በፈጣኑ ምህዋር ይቀድማል፣ ከዚያም ፍጥነት ጨምሮ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህ በሚገባ ተጠንቶ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ጄሚናይ 6ኤ እና ጄሚናይ 7 ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ሊጠጋጉ ቻሉ።

አየርም ተመሳሳይ ጠባይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1957 የተወነጨፈው ስፑትኒክ 1 የተባለው ሳተላይት በቅርቡ ጫፍ ከመሬት 215 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቅ ነበር፤ በዚያ ከፍታ ያለው እጅግ ስስ አየር ጉልበቱን ጥቂት በጥቂት ስለወሰደበት ጥር 4 ቀን 1958 ወደ ከባቢ አየር ገብቶ ተቃጠለ። አየሩ ሳተላይቱን ያዘገየዋል ብለን ስንጠብቅ፣ ዝቅ ባለ ቁጥር የምህዋር ፍጥነቱ ይበልጥ ያድጋል፤ በደረጃ 5 ስሌት ለ200 ኪሎ ሜትርና ለ400 ኪሎ ሜትር ሠርተው ማነጻጸር ይችላሉ። ጨረቃና ፕላኔቶች ግን ይህን ያህል የሚያዘገይ አየር በመንገዳቸው ስለሌለ ያለ ሞተር ለብዙ ቢሊዮን ዓመታት ዞረዋል።

ራስን መፈተኛ፦ አንዱን አውጥቶ ሌላውን መተው

የተረዱትን ለመመርመር መሬት በፀሐይ ዙሪያ የምታደርገውን ጉዞ ይውሰዱ። አማካይ ርቀቷ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ፍጥነቷ በሰከንድ 29.8 ኪሎ ሜትር ነው። በደረጃ 3 ዘዴ በየሰከንዱ ወደ ፀሐይ የምትወድቀውን ያስሉ፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊያገኙ ይገባል።

ከዚያም የፀሐይን ስበት በሐሳብ ያጥፉት። መሬት እንደ ብዩ በዚያች ቅጽበት በያዘችው አቅጣጫ በቀጥታ መስመር ትወጣለች፤ ፍጥነቷ ያው 29.8 ነው፤ ከፀሐይ ወደ ውጭ የሚያፈናጥራት ግን ምንም ነገር የለም። አሁን ደግሞ ስበቱን ይመልሱና የጎን ፍጥነቷን ብቻ ዜሮ ያድርጉት። በመጀመሪያው ሰከንድ የምትወድቀው ያንኑ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከቀድሞው በአንድ ፀጉር አይበልጥም። ልዩነቱ አሁን ፀሐይን የሚያስት የጎን ጉዞ የሌላት መሆኑ ነው፤ ውድቀቷ እየተጠራቀመ፣ ፍጥነቷም እያደገ ሄዶ በ65 ቀን ገደማ ፀሐይ ውስጥ ትገባለች።